ወንጀልን ከሮክ ሙዚቃ ጋር ስናያይዝ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ወጣት ሰው ገደለ ሲባል ቶሎ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ምን ነበር የሚያዳምጠው?» መጠየቁ ክፋት የለውም። ጉዳት የሚያመጣው መልሱ ሳይጣራ ሲናፈስ ነው። ስለ እንዲህ ዓይነት ወንጀል የምትጽፉ ወይም ዜናውን ለሌላ የምታጋሩ ከሆነ፣ እነዚህን ስህተቶች አስወግዱ።

የመጀመሪያውን ቀን ወሬ እንደ እውነት መያዝ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 1999 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ በኮሎምባይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎች ተኩስ ከፍተው 12 ተማሪዎችንና አንድ መምህር ገደሉ። ብዙም ሳይቆይ የሮክ ዘፋኙ የማሪሊን ማንሰን ስም ከዜናው ጋር ተጣበቀ። ገዳዮቹ አድናቂዎቹ ናቸው ተባለ። እሱም የቀሩትን የአሜሪካ ኮንሰርቶቹን ሰረዘ። ነገሩ ሲጣራ ግን ልጆቹ ይወዱ የነበረው ራምስታይንና ኬኤምኤፍዲኤም የተባሉትን ባንዶች እንጂ እሱን አልነበረም። ዛሬም ድረስ ስሙን ከዚያ ቀን ጋር የሚያነሳ ሞልቷል። «ታዲያ ጥፋቱ የእነዚያ ባንዶች ነዋ!» ማለትም ያው ስህተት ነው።

ልብስን እንደ ማስረጃ መቁጠር

ለእኔ ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። በ1993 በአርካንሳስ፣ ዌስት ሜምፊስ ከተማ ሦስት የስምንት ዓመት ልጆች ተገድለው ተገኙ። ከተማው በድንጋጤ ተዋጠ። የሰይጣን አምልኮ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ፖሊስ ሦስት ታዳጊዎችን ያዘ። አንደኛው ከረጅም ምርመራ በኋላ አመንኩ ቢልም፣ ቃሉ ከወንጀሉ ዝርዝር ጋር ይጋጭ ነበር። ከግድያው ጋር በቀጥታ የሚያገናኛቸው ቁሳዊ ማስረጃም አልነበረም። ጥቁር ልብሳቸው፣ የሚያነቡት መጽሐፍና የሚሰሙት ሄቪ ሜታል (ከባድ ድምፅ ያለው የሮክ ዓይነት) ግን ችሎት ፊት ቀረበ። በ1994 ሁለቱ ዕድሜ ልክ፣ አንዱ ሞት ተፈረደባቸው።

ኋላ በተደረገ የዲኤንኤ ምርመራ ከቦታው የተገኘው ናሙና ከሦስቱም ጋር አልተዛመደም። የተፈቱት በ2011፣ ከ18 ዓመት በኋላ ነው። ያኔም ነፃ ናችሁ አልተባሉም። ንጹሕ ነን እያሉ የጥፋተኝነት ፍርዱን የሚቀበሉበት የሕግ ስምምነት ፈርመው ነው የወጡት። በቲሸርት ሰው ስንጠረጥር ምን ያህል ዕድሜ እንደሚበላ እዚህ ላይ ይታያል።

ግጥሙን ሳያጣሩ መፍረድ

በ1985 የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ስለ ሮክ ግጥሞች ምስክር ሰማ። የትዊስትድ ሲስተር ድምፃዊ ዲ ስናይደር ቀርቦ፣ ስለ ወሲባዊ ጥቃት ነው የተባለው ዘፈኑ የባንዱ ጊታር ተጫዋች ከጉሮሮ ቀዶ ሕክምና በፊት ስለተሰማው ፍርሃት እንደሆነ አስረዳ። ጆን ዴንቨርም ስለ ተራራ የዘፈነውን አንዳንድ ሬዲዮ ጣቢያዎች የዕፅ ዘፈን ነው ብለው እንዳገዱበት ተናገረ።

ሌሎቹን አድማጮች መርሳት

ያንኑ ሙዚቃ ሰምተው ማንንም ያልነኩ ሚሊዮኖች ዜና አይሆኑም። በአሜሪካ በ1991 ከ100,000 ሰው 758 ገደማ የነበረው የተመዘገበ የኃይል ወንጀል በ1999 ወደ 523 ወርዷል። ሙዚቃው ወንጀል ቀነሰ ማለቴ አይደለም። ግን ሙዚቃው ያባብሰዋል ባዩ ይህን ቁጥር ማስረዳት አለበት።

የሙዚቀኞችን ወንጀል መሸፋፈን

ሮክን የምንወድ ሰዎች የምንሠራው ስህተት ደግሞ ይሄ ነው። በኖርዌይ ከ1992 ጀምሮ ብላክ ሜታል ከተባለው የሄቪ ሜታል ዘርፍ ሰዎች ጥቂቶቹ አብያተ ክርስቲያናትን በእርግጥ አቃጥለዋል። ከእነሱ አንዱ የሆነው ሙዚቀኛ ቫርግ ቪከርነስ የሙያ ጓደኛውን በመግደልና ቤተ ክርስቲያን በማቃጠል በ1994 የ21 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ይሄ ተረት አይደለም፤ ተከራክሮ ማስተባበልም አይቻልም። ስትጽፉ የአድራጊውን ስም፣ ድርጊቱንና ፍርዱን ጻፉ። በዚያው ዓመት ያንኑ ካሴት ክፍሉ ቁጭ ብሎ ሲሰማ የነበረውን ልጅ ግን አብራችሁ አትክሰሱት።