ማታ የተጀመረው ዊንዶውስ 11 ጠዋት ሲጠፋ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ እዚህ ባሕር ዳር ደጋግሜ የምጠራው ለአንድ ችግር ነው።

ምልክት፦ ማታ መጫን የጀመረው ዊንዶውስ 11 ጠዋት የለም። ኮምፒውተሩ ለረጅም ጊዜ ከተሽከረከረ በኋላ ወደ ዊንዶውስ 10 ይመለሳል፤ ሲብስም ጨርሶ አይነሣም።

ምክንያት፦ ሁሉም «መብራት ሄዶ ነው» ይላል። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ቢሮ ሦስት ጊዜ ጫንኩ፤ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። ራሙን ቀየርኩ፣ ሃርድ ዲስኩን ፈተሽኩ፤ ምንም የለም። በአራተኛው ቀን እዚያው ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ልክ 11፡30 ሲሆን የሒሳብ ሠራተኛዋ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጎንበስ ብለው የዲቫይደሩን ቀይ ማጥፊያ ጠቅ አደረጉት። ስክሪኑ 64 በመቶ ላይ ነበር። «ኧረ እትዬ!» ስል ጠፍቷል። «እሳት እንዳይነሣ ብዬ ነው ልጄ፤ ሁልጊዜ አጥፍቼ ነው የምወጣው» አሉኝ። ልማዳቸው ደግ ነው፤ የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም።

መፍትሔ፦ ጠዋት 2፡30 ጀምሩ፤ በተለይ ክረምት ከሆነ ጣና ላይ ደመና ሳይከብድ። ዲቫይደሩ ላይ «አይጠፋም» ብላችሁ በፕላስተር ለጥፉ፤ ቢሮውን ለሚቆልፈው ዘበኛም በቃል ንገሩ።

ማሳሰቢያ፦ ስታቢላይዘር ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው) አይደለም፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሞታል። ዩፒኤሱንም አትመኑ፤ ባትሪው በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚቆየው። ኮምፒውተሩን ነቅላችሁ አምፖል ሰኩበት፣ ከዚያ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ንቀሉ። አምፖሉ ወዲያው ከጠፋ ባትሪው ሞቷል።

ማሳሰቢያ፦ ተቋርጦ ወደ ኋላ እየተመለሰ ያለን ኮምፒውተር በፍጹም አታጥፉት፤ አንድ ሰዓት ቢፈጅም ጠብቁ። እምቢ ካለ ከፍላሽ አስነሥታችሁ ፋይሎቹን ቅዱ። ሳይቀዳ «ፎርማት እናድርገው» የሚል ባለሙያ ማሽኑን አይንካ! የዓመታት ደመወዝ መክፈያ ሰነድ እንዲህ ሲጠፋ አይቻለሁ።

ቦታ የለም ካለ፦ ሁሉም ነገር ዴስክቶፕ ላይ ተከምሯል። ዴስክቶፑም ያለው ሲ ላይ (ዊንዶውስ የተጫነበት የዲስኩ ክፍል) ነው፤ እዚያ ቢያንስ 20 ጊጋባይት አስለቅቁ።

ኢንተርኔት ቤት ውስጥ የተጫነው ሁሉ ሲነሣ ከጠፋ፦ ዲፕ ፍሪዝ (ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ወደ ቀድሞው የሚመልሰው ፕሮግራም) አልተፈታም።

ማሻሻያው «ዳግም አስነሣ» እያለ ለሳምንታት ከቆየ፦ ሰውየው በየማታው ክዳኑን ከድኖ ነው የሚሄደው። ላፕቶፑ ተኛ እንጂ አልጠፋም፤ ሪስታርት አድርጉት።