በዩኒቨርሲቲ ግቢ የሕዝብ ውይይት መድረክ እንዴት ይዘጋጃል?

ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ ጉዳይ ላይ መድረክ የሚከፍተው ምሁራን እርስ በርሳቸው እንዲደማመጡ ብቻ ከሆነ ሴሚናር ይበቃዋል። የአካባቢውን ነዋሪ ወደ ግቢ የሚጠራ ከሆነ ግን ዝግጅቱ የሚመዘነው ነዋሪው በተናገረውና ባገኘው መልስ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው አካሄድም ይህንኑ ለመጠበቅ የተቀመጠ ነው።

ርእስ ከማውጣታችሁ በፊት ጉዳዩ የሚነካቸውን ጥቂት ሰዎች ባሉበት ሄዳችሁ አነጋግሩ። «የከተማ ልማት ተግዳሮቶችና መልካም አጋጣሚዎች» የሚል ርእስ ማንንም ከቤቱ አያስነሣም። «መንገዱ ሲሰፋ የሚነሡት ነዋሪዎች የት ይገባሉ?» የሚለው ግን ባለጉዳዩን ይጠራል፤ ጽሑፍ አቅራቢውም ከነገሩ እንዳይወጣ ያደርገዋል። ስለዚህ ርእሱ በጥያቄ መልክ ቢቀመጥ እመርጣለሁ።

አዳራሽ ማስያዝና የጥሪ ደብዳቤ መበተን ማብራሪያ አያሻውም። የግቢው በር ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከውጭ የሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚያገኘው የጥበቃ ሠራተኛውን ስለሆነ ጥበቃ ክፍሉ ስለ ዝግጅቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወቅ፤ መታወቂያ የሚጠየቅ ከሆነ ጥሪው ላይ ይገለጽ፤ ከበሩ እስከ አዳራሹ የሚያደርስ ተማሪ ይመደብ። ደረጃ መውጣት ለማይችሉም አዳራሹ ምድር ቤት ቢሆን ይሻላል። ከበር የተመለሰ ሰው ዳግመኛ ቢጠራ ለመምጣት ይከብደዋል።

የጊዜ ክፍፍሉን ከመጨረሻው ጀምሩ። ለሁለት ሰዓት መድረክ መጀመሪያ 60 ደቂቃ ለጥያቄና መልስ ይቀመጥ፤ 15 ደቂቃ ለማጠቃለያ፣ 20 ደቂቃ ተሳታፊዎች በቡድን ለሚመካከሩበት ይያዝ። የቀረው 25 ደቂቃ ነው፤ 5ቱ ለመክፈቻ፣ 20ው ለሁለት ጽሑፍ አቅራቢዎች ይበቃል። ሦስተኛ ጽሑፍ አቅራቢ ለመጨመር የሚቀርብ ግፊት አይጠፋም፤ የሚጨመረው ጊዜ ከነዋሪው ላይ እንደሚቀነስ በግልጽ ተናግራችሁ እምቢ በሉ።

ከሁሉ የሚከብደው የጥያቄው ሰዓት ነው። ስለ ውሃ አቅርቦት በተደረገ አንድ ውይይት ላይ አንዲት እናት በሰፈራቸው ውሃ የጠፋባቸውን ቀናት በታጠፈ ወረቀት ጽፈው መጥተው ነበር። ማይክራፎኑ ሲደርሳቸው አወያዩ «ሰዓት ስላለቀ በአጭሩ» አላቸው፤ ሁለት መስመር አንብበው ወረቀቱን አጥፈው ተቀመጡ። በዚያ አዳራሽ ከቀረበው ሁሉ ይበልጥ ለመፍትሔ የሚጠቅመው መረጃ እሳቸው እጅ ላይ ነበር።

ይህ እንዳይደርስ «ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ» ብሎ መጀመር አይበጅም። እጁን ቀድሞ የሚያወጣው በአዳራሽ መናገር የለመደው መምህርና ተማሪ ነውና። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ጄምስ ፊሽኪን በ1988 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ባፈለቀው የምክክር የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ዘዴ ተሳታፊዎች በመጀመሪያ በትንንሽ ቡድን ይመካከራሉ፤ ከዚያም ያነጠሩትን ጥያቄ በአንድነት ለባለሙያዎች ያቀርባሉ። ዘዴው ሙሉ በሙሉ የሚሠራው ተሳታፊዎች በዕጣ ሲመረጡ ቢሆንም፣ ይህ አንዱ ክፍል ብቻ ለማንኛውም መድረክ ይጠቅማል። በሕዝብ ፊት ለመናገር የሚፈራ ሰው ለስምንት ሰው ይናገራል።

ቡድኖቹ ነዋሪና የዩኒቨርሲቲ ሰው የተቀላቀለባቸው ይሁኑ፤ ጸሐፊው ተማሪ ቢሆንም ጥያቄውን ለመድረኩ የሚያነበው ነዋሪው ይሁን። አወያዩ ማይክራፎኑን በእጁ ይዞ ያናግር እንጂ አይልቀቀው፤ ለንግግርም ሁለት ደቂቃ ይወሰን፣ ገደቡም ለፕሮፌሰሩም ለነዋሪውም እኩል ይሠራ። መልስ ሰጪው ጥያቄውን አልፎ ወደ ሌላ ጉዳይ ከሄደ አወያዩ በትሕትና ይመልሰው። አወያይ ስትመርጡ ከማዕረግ ይልቅ ይህን ድፍረት ፈልጉ።

የመንግሥት ኃላፊዎች በሕዝብ ፊት ከመናገር ሲቆጠቡ የቻተም ሐውስ ደንብ ይሠራበት የሚሉ አሉ። በ1927 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የወጣው ይህ ደንብ በስብሰባው የተገኘውን መረጃ መጠቀምን ይፈቅዳል፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ መግለጽን ግን ይከለክላል። ለዝግ የዝግጅት ስብሰባ መልካም ነው። ኃላፊው ለነዋሪው ቃል የሚገባበት መድረክ ላይ ግን አይገባም፤ ቃሉ የማን እንደሆነ ካልታወቀ የሚጠየቅበት ሰው የለም።

በማጠቃለያው 15 ደቂቃ የንግግሮቹ ጭምቅ አይነበብ። ይልቁንም እያንዳንዱ ጥያቄ ምን መልስ እንዳገኘ፣ ያልተመለሰውን ማን እስከ መቼ እንደሚመልስ በሰሌዳ ላይ ይጻፍና የጥያቄው ባለቤት እዚያው ያረጋግጥ። ቃለ ጉባኤው ነዋሪው በሚናገረው ቋንቋ፣ ከሁለት ገጽ ሳይበልጥ ተዘጋጅቶ ከግቢ ውጭም ይድረስ፤ ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ደግሞ አዘጋጁ ክፍል መልስ ላልሰጠው አካል በደብዳቤ ያስታውስ፣ የደብዳቤውም ግልባጭ ጥያቄውን ላነሣው ሰው ይሰጥ።