ግፊቱ ተስተካክሎ የአንጎል ኦክስጅን ሲወርድ፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ፦ ሕመምተኛው ሙሉ ሰመመን ከተሰጠው በኋላ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ ፌኒሌፍሪን የተባለው ግፊት ማውጫ መድኃኒት ሲሰጠው ወዲያው ይመለሳል፤ በግንባሩ ላይ የተለጠፈው የአንጎል ኦክስጅን መለኪያ ግን ቁልቁል ይሄዳል። የመተንፈሻ ቱቦው፣ የኦክስጅኑ አቅርቦትና የመለኪያው አለጣጠፍ አስቀድመው ተፈትሸዋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ምክንያቱ፦ ፌኒሌፍሪን ግፊትን የሚያወጣው የደም ሥሮችን በማጥበብ ነው። ግፊቱ ሲጨምር ልብ ምቱን ስለሚቀንስና የሚረጨውም ደም በጠበቡ ሥሮች በኩል ማለፍ ስለሚከብደው በደቂቃ የሚወጣው የደም መጠን ያንሳል፤ ስለዚህ በመቆጣጠሪያው ላይ ያለው ቁጥር አምሮ ሳለ ለአንጎል የሚደርሰው ኦክስጅን ሊቀንስ ይችላል። ሌላው ግፊት ማውጫ መድኃኒት ኤፌድሪን ግን ልብንም ስለሚያነቃቃ ግፊቱን በተመሳሳይ መጠን ቢያወጣም የአንጎልን ኦክስጅን አብዛኛውን ጊዜ አያወርድም። ከቁጥሩ መውረድ የተወሰነው የግንባር ቆዳ ደም ሥሮች በመጥበባቸው ሊሆን ይችላል፤ ይህንን ግን ለመዘናጋት ሰበብ ማድረግ አይገባም።

እዚሁ ደሴ ከኩታበር የመጡ አንድ አዛውንት የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና ሲደረግላቸው የአንጎል ኦክስጅን መለኪያው ከ66 ወደ 54 በመቶ ወረደ። የጣታቸው ኦክስጅን 98 ነበር፤ ግፊታቸውም ደህና ነበር። ረዳቴ በዚህ ተማምኖ ሦስተኛውን ፌኒሌፍሪን ሊሰጥ ሲል የልብ ምታቸው 46 መሆኑን አሳየሁት። 10 ሚሊግራም ኤፌድሪን ሰጠናቸው፤ ምቱ ወደ 70 ሲወጣ መለኪያውም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ 65 ደረሰ። የጣት መለኪያ የደም ወሳጅ ሥርን ኦክስጅን እንጂ አንጎል ምን ያህል ደም እንዳገኘ አይናገርም።

መፍትሄው፦ መድኃኒቱን ከመድገም በፊት የልብ ምትን ማየት ነው። ምቱ ቀርፋፋ ከሆነ ኤፌድሪን ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ እጅግ ከቀነሰ የልብ ምትን የሚያፈጥነው አትሮፒን ይሰጣል። ደም ፈስሶ ከሆነ ፈሳሽ ወይም ደም ሳይተኩ ሥር ማጥበብ ጉዳት ነው። ምቱ በጣም ፈጣን ከሆነ ደግሞ ፌኒሌፍሪን ይሻላል።

በድንጋጤ በእጅ ቶሎ ቶሎ ማስተንፈስም አንጎልን ይጎዳል፤ በትንፋሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ35 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በታች ሲወርድ የአንጎል ደም ሥሮች ይጠባሉ።

ኢናላፕሪል የተባለውን የደም ግፊት ማውረጃ ኪኒን በማለዳ የወሰደ ሰው በሰመመን የወረደ ግፊቱ ለማውጫ መድኃኒት እምቢ ሊል ይችላል። በካርዱ ላይ «የግፊት በሽተኛ» ብሎ ጽፎ የመድኃኒቱን ስም መተው ያሳዝነኛል። ሁልጊዜ «ዛሬ ጠዋት የትኛውን ኪኒን ወሰዱ?» ተብለው ይጠየቁ። ነባር የግፊት ሕመምተኛ አንጎል ከፍ ያለ ግፊት ስለለመደ ከመደበኛ ግፊቱ ከ20 በመቶ በላይ ዝቅ እንዲል አይፈቀድ።

የግንባሩ መለኪያ የቀኝና የግራ ንባብ ከተለያየ የአንገት ደም ሥር መጥበብን ይጠርጥሩ። ለክንድ የጠበበ የግፊት ማሰሪያ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል።

ፌኒሌፍሪን 10 ሚሊግራም አምፑል በ100 ሚሊ ሊትር ሳላይን (የጨው ውሃ) ሳይበረዝ በሲሪንጅ አይቀመጥ፤ ሲሪንጁም ስም ሳይለጠፍበት ከእጅ አይውጣ።