የአየርላንድን የጭፈራ ዜማ ከነሐዘኑ እንዴት ማዳመጥ ይቻላል

የአየርላንድን ባህላዊ ሙዚቃ መስማት የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፈጣኑን ሁሉ ደስታ፣ ዝግ ያለውን ሁሉ ሐዘን ብሎ ይከፍለዋል። ይህ አከፋፈል ብዙ ያስቀራል፤ ሆድ ከሚያባቡት ዜማዎች በርካቶቹ ሰው ተነሥቶ የሚጨፍርባቸው ናቸውና።

በመጀመሪያ በአንድ ቫዮሊን ወይም በአንድ ቲን ዊስል (ትንሽ የቆርቆሮ ዋሽንት) ብቻ የተቀዳ ሪል ይምረጡ፤ ሪል ባለ አራት ምት ፈጣን የጭፈራ ዜማ ነው። «አሳዛኝ የአየርላንድ ሙዚቃ» ተብለው በኪቦርድ የታጀቡ ስብስቦችን አልመክርም፤ ሐዘኑን ከውጭ ሲጨምሩበት ዜማው ራሱ የያዘውን ይሸፍኑታል።

ቀጥሎ የማጫወቻውን ፍጥነት ወደ ግማሽ አውርደው ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ ይፈልጉ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ስለሆነ አትቸኩሉ እላለሁ። ቀላሉ መንገድ በዲ (ዲ እና ኢ የድምፆች መጠሪያ ናቸው) የተቃኘች ባለ ስድስት ቀዳዳ ቲን ዊስል መያዝ ነው፤ ርካሿም ትበቃለች። ስድስቱንም ቀዳዳዎች ደፍነው ሲነፉ ዲ፣ የታችኛዋን ብቻ ሲከፍቱ ኢ ይሰማል። ከዲ ተነሥተው እስከ ላይኛው ዲ ይውጡ፤ የሚሰማው ብሩህ ቅኝት ነው። አሁን እነዚያኑ ድምፆች ሳይለውጡ ከኢ እስከ ላይኛው ኢ ይውጡ።

ጣቶችዎ የሚያወጡት ድምፅ ያው ሆኖ ሳለ ስሜቱ ተለውጧል። ከኢ ሲቆጠር ሦስተኛው ድምፅ ዝቅ ያለ በመሆኑ ዜማውን ወደ ሐዘን ይስበዋል፤ ስድስተኛው ግን ከተለመደው የሐዘን ቅኝት ከፍ ስለሚል ጨለማው ሙሉ እንዳይሆን ያደርገዋል። ሙዚቀኞች ዶሪያን የሚሉት ይህ ቅኝት ደስታና ሐዘንን በአንድ መሰላል ላይ ይዟል፤ በርካታ ሪሎችም ኢ ላይ ቆይተው ለጥቂት ምት ወደ ዲ እየወረዱ ይመለሳሉ። ያንን መመላለስ በጆሮዎ ከያዙ በኋላ ፍጥነቱን ወደ ቦታው ይመልሱ።

ጭፈራና ለቅሶ በአንድ ቤት መዋላቸው በታሪኩም አለ። እ.ኤ.አ. በ1845 የድንች ሰብል በበሽታ ከጠፋ በኋላ በመጣው ረሃብ ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ሞቶ ቢያንስ ሌላ ሚሊዮን ተሰደደ። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ልጁን ወደ አሜሪካ የሚልክ ቤተሰብ በዋዜማው ጎረቤቱን ይሰበስብ ነበር። ተጓዡ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይመለስ ሥርዓቱ አስከሬን እየተጠበቀ ከሚታደርበት ሌሊት የተቀዳ ነበር፤ እስኪነጋም ይጨፈራል፣ ይለቀሳል።

በመጨረሻ ያንኑ ሪል ኢሊያን ፓይፕስ በሚባለው የአየርላንድ ባለ ከረጢት መሣሪያ ያዳምጡ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2017 አጨዋወቱን በቅርስነት የመዘገበለት ይህ መሣሪያ አየሩን የሚያገኘው በክርን ከሚጨመቅ ወናፍ ሲሆን፣ ከዜማው ሥር ሳያቋርጥ የሚያሰማው ድምፅ ዲ ነው። ዜማው ኢ ላይ ሲያርፍ ሁለቱ ድምፆች ይፋጫሉ፤ ወደ ዲ ሲወርድ ይታረቃሉ።