ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት ፋውንዴሽኑ ለማን እንደሰጠ እዩ

በአሜሪካ ለማኅበረሰብ ደኅንነት የምትሠሩ አነስተኛ ድርጅቶች፣ ጥሩ ፕሮፖዛልም የተሳሳተ በር ካንኳኳ መልስ አያገኝም። ስለዚህ ገንዘብ የምትጠይቁት ፋውንዴሽን (የእርዳታ ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት) «እደግፋለሁ» ከሚለው ይልቅ በተግባር ለማን ስንት እንደሰጠ ተመልከቱ።

የግል ፋውንዴሽኖች በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ፎርም 990-ፒኤፍ ያስገባሉ። ፎርሙ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የዜና ድርጅቱ ፕሮፐብሊካ «ኖንፕሮፊት ኤክስፕሎረር» በሚለው ድረ ገጹ ላይ በነጻ ይገኛል። የተቀባዮቹ ስምና የተሰጣቸው ገንዘብ እዚያ ተዘርዝሯል። የሦስት ዓመቱን ጎን ለጎን አስተያዩ። የሚደጋገሙት ያው ስሞች ብቻ ከሆኑ ለአዲስ አመልካች ቦታው ጠባብ ነው። እናንተን ለሚያህል ድርጅት 10,000 ዶላር ሲሰጥ ከኖረ ደግሞ 80,000 አትጠይቁ፤ የምትጠይቁት መጠን ራሱ አጥንታችሁ እንደመጣችሁ ይናገራል።

ብዙ ሰው የሚያልፋት አንዲት ሳጥንም አለች፦ ፋውንዴሽኑ አስቀድሞ ለመረጣቸው ድርጅቶች ብቻ እንደሚሰጥና ሳይጋበዝ የመጣ ማመልከቻ እንደማይቀበል የምትገልጽ። ምልክት ካለባት ጊዜያችሁን ቆጥቡ። የቦርድ አባላቱ ስም እዚያው ፎርም ላይ ስላለ፣ የምታውቁት ሰው ካለ በእሱ በኩል መተዋወቅ ይሻላል።

ከብዙ ለጋሾች ገንዘብ ሰብስበው ለአንድ አካባቢ ለሚሰጡት ለኮሚዩኒቲ ፋውንዴሽኖች ግን ይህ ዘዴ ብዙም አይሠራም። እነሱ የሚሞሉት መደበኛውን 990 ነው፤ ለጋሾች ራሳቸው ተቀባይ የጠቆሙባቸው ስጦታዎችም አብረው ስለሚዘረዘሩ ያሳስታል። እዚያ የፕሮግራም ኃላፊውን ደውላችሁ ጠይቁ። ፎርሙ ዘግይቶ ስለሚወጣም የማመልከቻ ቀነ ገደብን ከፋውንዴሽኑ ከራሱ አረጋግጡ።