ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወፍና አበባ ስናይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ስህተቱ የሚጀምረው ከወሩ ነው። የአበባ ወቅት ሲባል ብዙዎቻችን «ጸደይ» እንላለን። በእኛ አቆጣጠር ግን ጸደይ መጋቢት 26 ገብቶ ሰኔ 25 ይወጣል፤ የበልግ ዝናብ ጊዜ ነው። አበባው የመፀው ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጥቅምትን ምረጡ። ጭቃው ጠንክሯል፣ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎችም ደርሰዋል።

ሰዓቱም አለ። ቅዳሜ አርፍዶ ተነስቶ፣ ቁርስ በልቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳርቻ መድረስ ለሽርሽር ጥሩ ነው። ለወፍ ግን አይሆንም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ሁኑ።

ሦስተኛው ስህተት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄዶ አባ ኮዳ ከሚባለው ትልቅ ወፍ ጋር ፎቶ ተነስቶ መመለስ ነው። አባ ኮዳን አልንቅም። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለችው «ኮዳ» ምግብ ማስቀመጫ ትመስላለች እንጂ አይደለችም፤ በአየር የምትነፋና ለፍቅር ጊዜ የምትታይ ጌጥ ናት። እግሩም ነጭ የሚመስለው ኩሱን ስለሚለቅበት ነው፤ ሙቀት የሚያበርደው እንደዚያ ነው። (ፎቶ ስትነሱ በጣም አትጠጉት የምለው ለዚህም ነው።)

ግን ከገበያው ወጣ ብላችሁ ቄጠማው አጠገብ ሃያ ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሯ ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ እየተርገበገበች ቆማ፣ ድንገት ቁልቁል ትወረወራለች። ጣቶቿ ረጃጅም የሆኑ ቡናማ ወፍም ውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ ትራመዳለች። የዚህች ወፍ ቤተሰብ ደስ ይላል፦ እንቁላሉን የሚታቀፈውም ጫጩት የሚያሳድገውም አባትየው ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ስህተት ዝንጀሮና ጦጣ መመገብ ነው፤ እዚህ በተለይ ጦጣና ጉሬዛ። የእህቴ ልጅ አንድ ሙዝ ለጦጣ ሊሰጥ እጁን ዘረጋ። ጦጣዋ ሙዙን ትታ ፌስታሉን ሙሉ ይዛ ዛፍ ላይ ወጣች፤ ልጁም እጁ ተቧጭሮ አለቀሰ። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የሷ አይደለም፤ እኛ ነን ያስለመድናት። ጉሬዛ ደግሞ ቅጠል በል ነው። ሆዱ ክፍል ክፍል ያለው፣ ቅጠሉን እያብላላ የሚፈጭ ነው፤ ዳቦና ብስኩት ያውከዋል። ይልቅ ቀና ብላችሁ እጁን እዩት፤ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል። ከእናትየው ደረት ላይ ሙሉ በሙሉ ነጭ ግልገል ካያችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ያ መልክ ብዙ አይቆይም፣ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደ ትልልቆቹ ጥቁርና ነጭ ይሆናል።

ጉማሬ ላይ ቀልድ የለም። አፉን ሲከፍት «አዛጋ» ብለን እንስቃለን፤ ብዙ ጊዜ ግን ማስፈራሪያ ነው። ጀልባ ነጂውን «ትንሽ ጠጋ በልልን» ብላችሁ አትወትውቱት። ሲመሽ ሣር ሊግጥ ስለሚወጣ በእሱና በውሃው መሃል አትገኙ።

የመጨረሻው የእኔው ስህተት ነው። ቢጫ አበባ ሁሉ አደይ አይደለም። በጥቁር ውሃ መንገድ ማሳ ዳር ቢጫ ነገር አይቼ ጉልበቴ እስኪቆሽሽ ተንበርክኬ ፎቶ አነሳሁ። ሣር ተሸክመው የሚያልፉ እናት ቆም ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ቅጠሉን እየው እንጂ። የአደይ ቅጠል የተበጣጠሰ ነው። ይሄማ መጭ ነው፤ እኛ ከማሳ የምንነቅለው» አሉኝ።