የትልቅ ሞዴል አውሮፕላን ሪሲቨር ባትሪ ቮልቴጅ ሲወርድ ጥፋቱን እንዴት እናገኛለን?

የክንፉ ስፋት ከ2 ሜትር የሚበልጥ፣ በቤንዚን ሞተር የሚበር ሞዴል አውሮፕላን ድንገት ከሰማይ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚወቀሰው ሬዲዮው ነው። «ሲግናል ጠፋ» ይባላል። ፍርስራሹ ተሰብስቦ ባትሪው ሲለካ 6.6 ቮልት ያሳያል፤ ባትሪውም ነጻ ይወጣል። ነገር ግን ይህ ልኬት የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው። ሥራ ያልያዘ ባትሪ ቢያረጅም ደህና ቮልቴጅ ያሳያል፤ ድካሙ የሚታወቀው ስምንት ሰርቮዎች (የክንፉንና የጅራቱን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች የሚገፉት ትንንሽ ሞተሮች) ባንድ ጊዜ ኃይል ሲጠይቁት ነው። ስለዚህ ቮልቴጅ መለካት ያለበት ጭነት ላይ እያለ፣ እሱም ሪሲቨሩ (የሪሞቱን ሲግናል የሚቀበለው መሣሪያ) ጋ ነው። እዚያ ከጎደለ፣ ወደ ባትሪው እየተጠጉ የት እንደቀረ መፈለግ ነው።

ቁጥሮቹን ማወቅ

ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ በአንድ ሴል 1.2 ቮልት ነው፤ ባለ 5 ሴሉ 6.0 ቮልት ይባላል፣ ሙሉ ሲሆን ወደ 7 ይጠጋል። ባለ 2 ሴል ላይፌ (ሊቲየም አይረን ፎስፌት) 6.6 ቮልት ነው፤ ቻርጅ ሲያበቃ 7.2 ይደርስና ከቻርጀሩ ከወጣ በኋላ ወደ 6.6 ወይም 6.7 ይወርዳል። ይህ ተፈጥሮው ስለሆነ አያስደንግጥ። ባለ 2 ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) 7.4 ቮልት ሆኖ ሙሉው 8.4 ነው፤ ሰርቮዎቹ ይህን የማይችሉ ከሆነ መሃል ላይ ሬጉሌተር (ቮልቴጁን የሚያወርድ መሣሪያ) ያስፈልጋል።

ብዙ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሪሲቨሮች 3.5 ቮልት አካባቢ ሲደርሱ ይጠፋሉ። ቮልቴጁ ቢመለስም ሪሲቨሩ እንደገና እስኪነሳ ድረስ አውሮፕላኑ ማንንም አይሰማም። አንዳንድ የስፔክትረም ኩባንያ ሪሲቨሮች ኃይል ተቋርጦ ከተመለሰ መብራታቸውን ብልጭ ድርግም በማድረግ ይናገራሉ፤ ካረፉ በኋላ ከማጥፋትዎ በፊት ይመልከቱት። በ6.6 ቮልት ባትሪ ሁሉም ሰርቮዎች እየሠሩ ሪሲቨሩ ጋ ከ5.5 በታች መውረድ የለበትም። 5 ከደረሰ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ይቆይ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ዝቅተኛውን ቁጥር ይዞ የሚያቆይ (ሚን የሚል ቁልፍ ያለው) መልቲሜትር፣ ሁለት የልብስ መርፌ፣ አንድ የሰርቮ ማራዘሚያ ሽቦ እና ባለ 12 ቮልት 60/55 ዋት ኤች 4 የመኪና የፊት መብራት አምፖል። አምፖሉ ከማንኛውም የመኪና መለዋወጫ መደብር ይገኛል፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ከብዙ ውድ መሣሪያ ይሻላል። በ6.5 ቮልት አካባቢ አንዱ ፊላመንት (በአምፖሉ ውስጥ ከሚበሩት ሁለት ክሮች አንዱ) ወደ 3 አምፔር፣ ሁለቱ አብረው ከ6 እስከ 7 አምፔር ይስባሉ። ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ከውጭ አቅፎ አምፔር የሚለካ) ካለዎት ጥሩ ነው፤ ግን ርካሾቹ ብዙዎቹ የሚለኩት የግድግዳ መብራትን (ኤሲ) ብቻ ስለሆነ ዲሲ መለካቱን ሳያረጋግጡ አይግዙ።

አምፖሉ ይግላል። ከቤንዚን ታንኩ አርቀው፣ ሸክላ ላይ ወይም ብረት ላይ አስቀምጠው ይሥሩ። የሞተሩ የእሳት ባትሪም (ለሻማው ኃይል የሚሰጠው) ከመጀመሪያው ይነቀል።

1. ባትሪው ብቻውን

ባትሪውን ሙሉ ቻርጅ ያድርጉ፣ ከአውሮፕላኑ አውጥተው የክፍል ሙቀት ላይ ይፈትኑት። መልቲሜትሩን ከባትሪው ጫፍ ጋር ያገናኙና ያለ ጭነት ያለውን ቮልቴጅ ይጻፉ። አንዱን ፊላመንት ያብሩ፣ 30 ሴኮንድ ጠብቀው እንደገና ይጻፉ።

ለምሳሌ 6.62 የነበረው 6.50 ሆነ እንበል። የጎደለው 0.12 ቮልት ነው፤ አምፖሉ ለሳበው 3.2 አምፔር ሲካፈል የባትሪው የውስጥ ሬዚስታንስ (ባትሪው ራሱ ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን) 0.04 ኦህም ገደማ ይሆናል። ለ2,000 ሚሊአምፔር ሰዓት አካባቢ ላይፌ ይህ ጤናማ ነው። ያው 6.62 ወደ 6.05 ከወረደ ግን የውስጥ ሬዚስታንሱ 0.18 ኦህም ሆኗል። ሰርቮዎቹ በአንድ ቅጽበት 10 አምፔር ቢጠይቁ 1.8 ቮልት እዚያው ባትሪው ውስጥ ይቀራል፣ ለሽቦውም ለሪሲቨሩም የሚተርፈው 4.8 ብቻ ይሆናል። ሲያርፍ 6.6 የሚያሳየው ባትሪ ይኸው ነው።

ከእስክሪቢቶ ድንጋይ መጠን ሴሎች የተሠራ ባለ 5 ሴል ኒኬል ባትሪ አዲስ ሆኖም 0.15 ኦህም ገደማ ይኖረዋል። ለትንሽ አውሮፕላን ይበቃል፤ ለትልቁ መጀመሪያውኑ የተሳሳተ ምርጫ ነው።

2. ሪሲቨሩ ጋ

ባትሪው ካለፈ ወደ ቦታው ይመልሱት። ሪሲቨሩ ላይ ባዶ ቻናል ፈልገው የሰርቮ ማራዘሚያውን ይሰኩ፤ የመሃሉ ሽቦ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ወይም ቡኒው ኔጌቲቭ ነው። ሪሞቱን፣ ከዚያ አውሮፕላኑን ያብሩ፤ መልቲሜትሩን ሚን ላይ ያድርጉ። ሁለቱንም ስቲኮች ለ30 ሴኮንድ እያሽከረከሩ ሁሉንም ሰርቮዎች ያንቀሳቅሱ። ረዳት ካለ አይለሮኑን (የክንፉን ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወይም ኤሌቬተሩን (የጅራቱን አግድም ተንቀሳቃሽ ክፍል) በመዳፉ ለስለስ አድርጎ ይያዘው፤ ሰርቮውን እስኪቆም ድረስ አይጫነው።

የታየውን ዝቅተኛ ቁጥር እንደ መጨረሻ እውነት አይውሰዱት። ተራ መልቲሜትር በሴኮንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሚያየው፣ ቴሌሜትሪም (ልኬቱን ከአውሮፕላኑ ወደ ሪሞቱ የሚልከው) ቢሆን ፈጣን አይደለም። በጣም አጭሩ መውረድ ከሁለቱም ዓይን ያመልጣል። 5.5 ካሳየ በእውነቱ ከዚያ በታች እንደነበረ ቆጥረው ያስቡ።

3. ቮልቴጁ የቀረበትን ቦታ መያዝ

ብዙ ሰው ባትሪ እየቀያየረ የሚደክመው ይህን ስለሚዘል ነው። ቮልቴጁ በአብዛኛው የሚበላው በማብሪያ ማጥፊያው፣ በፕላጉ ወይም በቀጭኑ ሽቦ ነው።

ወደ ሪሲቨሩ የሚገባውን የባትሪ መስመር ይንቀሉና ጫፉ ላይ አንዱን ፊላመንት ያገናኙ። አሁን 3 አምፔር ሳይዋዥቅ በመስመሩ ሁሉ ያልፋል። መልቲሜትሩን በሚሊቮልት አድርገው መርፌዎቹን በፕላጎቹ ጀርባ እስከ ብረቱ ያስገቡ። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ መርፌዎች እንዳይነካኩ ይጠንቀቁ። ፖዘቲቩን መስመር በቁራጭ በቁራጭ ይለኩ፦ ከባትሪው እስከ ማብሪያ ማጥፊያው መግቢያ፣ ከመግቢያው እስከ መውጫው፣ ከመውጫው እስከ አምፖሉ። ከዚያ ኔጌቲቩን እንዲሁ። እዚህ ላይ ጤናማ ልኬት ትንሹ ነው።

ሽቦው የሚወስደውን ማስላት ይቻላል። 0.33 ካሬ (ሚሊሜትር ካሬ) የመዳብ ሽቦ በአንድ ሜትር 0.052 ኦህም አለው። ባትሪው ከሪሲቨሩ 60 ሴንቲሜትር ቢርቅ መሄጃና መመለሻው 1.2 ሜትር ነው፤ 0.062 ኦህም። በ3 አምፔር 190 ሚሊቮልት አካባቢ ይወስዳል፣ በ8 አምፔር ደግሞ ግማሽ ቮልት፤ ይህ ሁሉ አዲስ በሆነና ምንም ጥፋት በሌለበት ሽቦ ላይ ነው። ወደ 0.8 ካሬ ሲያድግ ኪሳራው ከግማሽ በታች ይወርዳል። ለትልቅ አውሮፕላን ቀጭን ሽቦ ለመጠቀም ምንም ምክንያት የለም፤ የሚጨምረው ክብደት ጥቂት ግራም ነው።

ጥሩ ማብሪያ ማጥፊያ በ3 አምፔር ከ30 ሚሊቮልት አይበልጥም። 100 ካሳየ ይጣል፤ ማጽጃ ነፍቶ መልሶ መግጠም ለጊዜው ብቻ ነው። ከለኩ በኋላ ማብሪያውን በጣትዎ ነካ ነካ ያድርጉት፣ ሽቦዎቹንም ፕላጉ አጠገብ አጠፍ ዘርጋ ያድርጓቸው። ቁጥሩ ከዘለለ ጥፋቱን ይዘዋል።

በቆየ የኒኬል ባትሪ ላይ ኔጌቲቩን ሽቦ ጫፉ ጋ ገፈፍ አድርገው ይዩት። መዳቡ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ሶልደር አልይዝ ካለ ዝገቱ በፕላስቲኩ ውስጥ ርቆ ሄዷል፤ ጫፉን መቁረጥ ስለማይበቃ ሽቦው እስከ ሴሉ ይቀየር።

4. ምንጩ ደህና ከሆነ፣ በላተኛውን መፈለግ

ሰርቮዎቹን በሙሉ ሰክተው፣ ሪሞቱን ሳይነኩ፣ ጠቅላላውን አምፔር ይለኩ። ከዚያ አንድ በአንድ እየነቀሉ ስንት እንደቀነሰ ይጻፉ። ከጓደኞቹ ተለይቶ ብዙ የሚስብ ወይም ዝም ብሎ ባለበት የሚያጉረመርም ሰርቮ ተጠርጣሪ ነው። ወዲያው ሰርቮውን አይቀይሩ፤ መጀመሪያ የሚገፋውን ዘንግ ይንቀሉ። አምፔሩ ከወረደ ሰርቮው ጤነኛ ነው፣ የሚታገለው ከማጠፊያው ወይም ከዘንጉ ጋር ነው።

በአንድ ራደር (የጅራቱ ቀጥ ያለ መሪ) ወይም አይለሮን ላይ ሁለት ሰርቮ ሲኖር አንዱ ሌላውን ሊገፋ ይችላል። ውጭ ላይ ምንም አይታይም፤ ባትሪው ግን በረራው እስኪያበቃ ይጨመቃል። መፍትሔው ክንዶቹን አንድ ዓይነት ርዝመትና አንድ ዓይነት ቀዳዳ ላይ አድርጎ፣ በመሃልና በሁለቱም ጫፎች አምፔሩ እስኪቀንስ ማስተካከል ነው። የሪሞቱ ማስተካከያ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ብርዱና መብራቱ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ይህ ጉዳይ የራሱ ጠባይ አለው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። የቀዘቀዘ ባትሪ የውስጥ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ላይፌ ደግሞ ከሊፖ ይብስበታል። መኪና ውስጥ ያደረ ባትሪ ማታ ያለፈውን ፈተና ጠዋት ይወድቃል። ባትሪው ቤት ይደር፣ ሜዳ ሲሄዱም በጋቢ ይጠቅልሉት። ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ሊቲየም ባትሪ ፈጽሞ ቻርጅ አይደረግ፤ የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ደህና የበረረ አውሮፕላን ጣርማ በርን ወጥቶ ደጋ ላይ በማለዳ ሲበር ያው ባትሪ ሌላ ባትሪ ነው፤ ከበረራ በፊት ሁለተኛው ፈተና ይደገም።

አየሩም ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ሬጉሌተር ሙቀቱን በቀላሉ አይለቅም። ሊኒየር ሬጉሌተር (ትርፉን ቮልቴጅ ወደ ሙቀት የሚለውጠው) 8.4ን ወደ 6.0 ሲያወርድ በ3 አምፔር 7.2 ዋት ሙቀት ያወጣል፤ ሲግል አንዳንዱ ራሱን ያጠፋል። ስፖንጅ ውስጥ ከተጠቀለለ አውጥተው ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ ይሠሩት።

ሌሊት ቻርጅ ላይ እያለ መብራት ሄዶ ከመጣ ብዙ ቻርጀሮች ከቆሙበት አይቀጥሉም። ጠዋት ላይፌው 6.6 ያሳያል፤ ግማሽ ቢሆንም ሙሉ ቢሆንም ያው 6.6 አካባቢ ነው። በቮልቴጅ ማወቅ ስለማይቻል እንደገና ይሰኩትና ቻርጀሩ ስንት ሚሊአምፔር ሰዓት እንዳስገባ ያንብቡ።

ሲጠገን

ከአንድ ትልቅ ባትሪ ሁለት መካከለኛ ይሻላል፤ እያንዳንዱ በራሱ ማብሪያ ማጥፊያና በራሱ ወፍራም ሽቦ ወደ ሪሲቨሩ ይግባ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ኬሚስትሪና አንድ ዓይነት የሴል ቁጥር ያላቸው ይሁኑ። ተራው የሰርቮ ፕላግ ሳይቋረጥ ከ3 አምፔር በላይ እንዲሸከም አይጠበቅም፣ ስለዚህ ባትሪው ጋ ኤክስቲ 60ን የመሰለ ብዙ አምፔር የሚችል ፕላግ ይሁን።

ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ የሚያጠራቅም) መሰካት ፈውስ ነው ብለው የሚያምኑ አሉ። 4,700 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 5 አምፔር ሲጠየቅ በአንድ ሚሊሴኮንድ ውስጥ አንድ ቮልት ይወርዳል። በጣም አጭሩን ንዝረት ያለሰልሳል፤ የደከመ ባትሪን አይተካም።

በመጨረሻ አውሮፕላኑን በጅራቱ አጥብቀው ያስሩ፣ ሞተሩን አስነስተው ከፕሮፔለሩ ኋላ ሆነው ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ዙር ለሁለት ደቂቃ እያሽከረከሩ ሚን ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። ሞተሩ ጠፍቶ ያልታየ መውረድ አሁን ከታየ ባትሪውን ተዉት፤ ንዝረቱ የሚከፍተው ፕላግ ወይም ማብሪያ ማጥፊያ አለ።